በቧንቧው ጫፍ ለኩን፦ ስለ ትናንሽ ከተሞች የውሃ አገልግሎት ቁጥጥር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልላችን የከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶችን ለምትመሩና ለምትቆጣጠሩ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የቁጥጥር አሠራሩ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች የውሃ አገልግሎት ውስጥ ፓምፕ የምናስነሣ፣ መስመር የምንጠግን፣ ቆጣሪ የምናነብና ሒሳብ የምንይዝ ሠራተኞች ነን። ከእናንተ በየሩብ ዓመቱ የሚደርሰን ቁጥጥር አንድ የሪፖርት ቅጽ ነው። ቅጹ ሽፋንን በመቶኛ፣ የተዘረጋ መስመርን በኪሎ ሜትር፣ አዲስ የገባ ቆጣሪን በቁጥር ይጠይቃል። ውሃው የመጨረሻው ቤት ደርሷል ወይ? ሲደርስ ክሎሪን አለው ወይ? አንዱን ሜትር ኩብ ለማውጣት ስንት ወጣ? ለእነዚህ ቅጹ ቦታ የለውም። የታሪፍ ማሻሻያ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የበጀት ዓመት ያልፍበታል፤ ፓምፕ ሲቃጠል መተኪያ ገንዘብ አይገኝም፤ ሕዝቡ ግን መንገድ ላይ ይዞ የሚጠይቀው እኛን ነው። ስለዚህ የምናውቀውን በዝርዝር አስቀምጠን መልስ እንጠይቃለን።

ከሽፋኑ እንጀምር። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የወጣው የአቅርቦት ደረጃ ሕዝቧ ከ20,000 በታች ለሆነ ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፣ ከ20,000 እስከ 50,000 ለሆነ 50 ሊትር፣ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ከ100,000 በላይ ለሆነ 80 ሊትር ይላል። ደረጃው ጥሩ ነው። ችግሩ ስሌቱ ላይ ነው። በሰከንድ 6 ሊትር የሚሰጥ አንድ ጉድጓድ በቀን 16 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ሲሰላ 345.6 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለ40 ሊትር ሲካፈል 8,640 ሰው «ተሸፍኗል»። ሪፖርቱ ላይ የሚገባው ይህ ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ 9 ሰዓት ብቻ ከሠራ ምርቱ 194.4 ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ ላይ 35 በመቶው በመንገድ ከጠፋ የሚቀረው 126 ሜትር ኩብ ገደማ ሲሆን የሚበቃውም ለ3,160 ሰው ነው። ጉድጓዱም፣ ፓምፑም፣ መስመሩም አልተለወጡም፤ ግን ከ5,000 ሰው በላይ በወረቀት ውሃ ይጠጣል። በጀት ሲደለደል ደግሞ «የእናንተ ሽፋን ከፍ ያለ ነው» ተብለን ከተራ እንወጣለን።

የቀረው ውሃም እኩል አይዳረስም። ለወሎ ከተሞች ትልቁ ፈተና ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ቦርከና ወንዝ ዳር የወረደ ሰው በአንድ ከተማ ውስጥ ምን ያህል ቁልቁለት እንዳለ ያውቀዋል። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት አንድ ባር ግፊት ይጨመራል። ማጠራቀሚያው ከታችኛው ሰፈር 120 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠና መሀል ላይ ግፊት የሚሰብር ገንዳ ወይም ግፊት ቀናሽ ቫልቭ ከሌለ፣ ሌሊት ሰው ውሃ መቅዳት ሲያቆም የታችኛው ቧንቧ 12 ባር ይሸከማል። የተቀበረው ለ10 ባር የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሆነ መጋጠሚያው ይለቃል ወይም ቧንቧው ይሰነጠቃል። ጠዋት ጠግነን ስንለቀው ማታ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። የላይኛው ሰፈር በበኩሉ ታች ያለው እስኪጠግብ ድረስ አንዲት ጠብታ አያገኝም። አንድ ግፊት መለኪያ በከፍተኛው፣ አንድ በመካከለኛው፣ አንድ በዝቅተኛው ሰፈር ቢተከልና በየቀኑ ቢነበብ ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም። ቅጹ ስለማይጠይቀው ግን ገዝቶ የሚተክል የለም።

ከዚህ ጋር የፈረቃው ነገር አለ። መስመሩ በፈረቃ ሲዘጋ ቧንቧው ባዶ ይሆናል፤ ወደ ታች የሚፈሰው የመጨረሻው ውሃ ከኋላው እየሳበ ሲሄድ በተሰነጠቀው በኩል የውጭውን ጭቃ ውሃ ይዞ ይገባል። ቧንቧው ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ከፍሳሽ ቱቦ አጠገብ ካለፈ ምን እንደሚሳብ መናገር አያስፈልግም። ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅ ደግሞ ቀድሞ የሚወጣው አየር ነው፤ አየሩም ቆጣሪውን ያዞረዋል። ደንበኛው «ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪው ዞረ» ሲል እውነቱን ነው። በየከፍታው ጫፍ ላይ አየር ማስወጫ ቫልቭ ቢኖር አብዛኛው ይቀንስ ነበር፤ በርካታ ፕሮጀክቶች ግን ያለ እሱ ተረክበናል፣ ወይም ቫልቩ ተተክሎ ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኗል።

አሁን ወደ ክሎሪኑ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡን እንለምናለን፣ የሰው ሕይወት ያለበት እዚህ ነውና። አብዛኛው ትንሽ ከተማ የሚጠቀመው 65 በመቶ ገደማ ክሎሪን ያለውን ዱቄት ነው። 200 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያን በሊትር 1 ሚሊግራም ለማከም 200 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ያስፈልጋል፤ ይህም በዱቄቱ ሲመነዘር 308 ግራም ያህል ነው። በየቦታው የሚሠራው ግን እንዲህ ነው፦ ሚዛን የለም፣ ዱቄቱ በጣሳ ይሰፈራል፣ በባልዲ ይበጠበጣል፣ በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል በአንድ ጊዜ ይደፋል። ከታች ያልሟሟው ይዘቅጣል። ፓምፑ አዲስ ውሃ ሲጨምር መጠኑ እየቀጠነ ይሄዳል። ማጠራቀሚያው አጠገብ ያለ ቤት ጠዋት ሽታው አላስጠጣ ይለዋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ምንም የለውም።

ትክክለኛው መንገድ የተሰወረ አይደለም። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ውስጥ 1 በመቶ ብጥብጥ ይዘጋጃል፤ ለዚህ ከዱቄቱ 3 ኪሎ ከ80 ግራም ገደማ ይበቃል። አንድ ሌሊት ይጠላል፣ ዝቃጩ ከታች ይቀራል፣ ጥሩው በተንሳፋፊ ቫልቭ ከፍታው በሚጠበቅ ትንሽ ሳጥን በኩል እኩል እየተንጠባጠበ ወደ ማጠራቀሚያው መግቢያ ይወርዳል። በሰዓት 20 ሜትር ኩብ ለሚገባ ውሃ 1 ሚሊግራም በሊትር ለመስጠት በሰዓት 2 ሊትር ብጥብጥ ነው የሚያስፈልገው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሚደፈነው ቀጭኑ ቧንቧ ነው፤ ኖራ ስለሚይዘው በየሳምንቱ በኮምጣጤ ወይም በቀጭን ሽቦ መጠረግ አለበት።

ዱቄቱም ይሞታል። ክዳኑ ተከፍቶ በሙቀትና በእርጥበት የቆየ በርሜል ጥንካሬው ከ65 ወደ 40 በመቶ ቢወርድ፣ በዚያው ጣሳ የሚሰፍር ሰው ሳያውቀው የሚሰጠው ከሚገባው 60 በመቶ ያህሉን ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ፣ በቆርቆሮ መጋዘን፣ ከናፍጣ በርሜል ጋር ተጠግቶ ሲቀመጥ አይተናል። ከነዳጅና ከዘይት ጋር መቀመጡ ደግሞ እሳት ያስነሣል። ግዢው በዓመት አንድ ጊዜ በጅምላ ተፈጽሞ ለየከተማው ሲከፋፈል የተመረተበትን ቀን የሚያይ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ማጠራቀሚያ ላይ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ቢያንስ 0.5፣ ቤት ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን (ጀርሙን ከገደለ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚቀረው) እንዲኖር ይመክራል። እኛ የምንጠየቀው «ክሎሪን ተጨምሯል? አዎ/አይደለም» የሚለውን ነው። ቀለሙን በዐይን አመሳክሮ የሚለካው ትንሽ መሣሪያና ክኒኑ በአንድ ሰው ኪስ የሚያዝ ነው። ከእያንዳንዱ ከተማ ጫፍ ሦስት ቤቶች በየቀኑ ተለክቶ ይመዝገብ ቢባል፣ የክሎሪኑ ሪፖርት ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ መልኩን ይለውጥ ነበር። ክረምት ላይ ከምንጭ የሚጠጡ ከተሞች ድፍርሱን ሳያጠሉ ክሎሪን ይጨምራሉ፤ ውሃው በድፍርስነት መለኪያው ከ5 ኤን.ቲ.ዩ. በላይ ከደፈረሰ ክሎሪኑ በአፈሩ ይያዛል፣ ጀርሙም ከአፈሩ ጀርባ ይደበቃል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገራችን የተነሣውና ክልላችንም የደረሰው ኮሌራ ይህን ያህል ካላስነሣን ምን ሊያስነሣን እንደሚችል አናውቅም።

የጀርም ምርመራው ሌላ ጣጣ ነው። ናሙና ቀዝቅዞ፣ በተቻለ መጠን በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ክሎሪን ያለው ውሃ ከሆነም ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያከሽፍ ሶዲየም ታዮሰልፌት አስቀድሞ መገኘት አለበት። ያለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ጀርሙን መግደሉን ይቀጥልና ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይወጣል። ከትንሽ ከተማ የተነሣ ናሙና በሚኒባስ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሰው ሻንጣ ጋር ተጭኖ ከሰዓት በኋላ ደሴ ይገባል። ውጤቱ በሳምንታት ውስጥ ከመጣ ፈጥኖ መጣ እንላለን፤ በዚያን ጊዜ ውሃው ተጠጥቶ አልቋል። ሕዝቧ 15,000 ለሆነ ከተማ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዓመት 36 ናሙና እንዲወሰድ ያመለክታል። ይህን እያንዳንዱ ትንሽ ከተማ የየራሱን ኬሚስት ቀጥሮ ይሥራው ማለት አይሥራው ማለት ነው። ተንቀሳቃሽ የምርመራ ሳጥን ናሙናውን በ44 ዲግሪ ሙቀት አቆይቶ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። አንድ ሳጥን፣ አንድ የሠለጠነ ባለሙያና አንድ ሞተር ሳይክል ከኮምቦልቻ ተነሥተው ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ሐርቡንና ሌሎቹን በየተራ ሊያዳርሱ ይችላሉ።

ታሪፉ። የኤሌክትሪክ ዋጋ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ፣ ፓምፑም፣ ቆጣሪውም፣ ክሎሪኑም፣ በብር ሲመነዘር ሌላ ዋጋ ሆኗል። የውሃ ታሪፍ ግን አንዴ ከጸደቀ በቆመበት ይቀራል። ጥያቄው ከአገልግሎቱ ወደ ቦርዱ፣ ከቦርዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ የሚያስገድድ ደንብ በእጃችን የለም። ከኮምቦልቻ ብዙም የማትርቅ አንዲት ከተማ ያቀረበችው ጥናት «ይስተካከል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ ምኑ እንደሚስተካከል የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ጥናቱ ሦስተኛ ሲቀርብ ውስጡ ያለው ዋጋ ሁሉ አርጅቶ ነበር።

ዋጋው ከየት እንደሚመጣ እናሳያችሁ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 180 ሜትር ከፍ ለማድረግ በንጹሕ ስሌት 0.49 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል። ያረጀ ፓምፕና ሞተር አንድ ላይ 55 በመቶ ብቻ ከሠሩ ወደ 0.9 ይወጣል። ከተመረተው 35 በመቶ ሲጠፋ፣ ደንበኛው ቆጣሪ ላይ ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ከፍለናል ማለት ነው። በጀነሬተር ከሆነ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.3 ሊትር ያህል ናፍጣ ስለሚሄድ ከ0.4 ሊትር በላይ ናፍጣ ነው። የደመወዝ፣ የክሎሪን፣ የጥገናና የፓምፕ መተኪያ ገና አልተቆጠረም። የፌዴራሉ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን እንዲመልስ ይላል፤ ፖሊሲው ይህን እያለ ታሪፉ መብራቱን እንኳ የማይከፍል ከሆነ ልዩነቱ የሚሸፈነው ጥገናን በመተው ነው።

ጥገና ሲተው የሚሆነውን ፓምፑ ላይ እዩት። በከተሞቻችን ሞተር የሚቃጠለው በአብዛኛው ከሦስቱ ፌዝ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት መስመሮች) አንዱ ሲጠፋ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ ነው። ሞተሩ ጭነቱን በሁለቱ ለመሸከም ከልክ ያለፈ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ የሽቦ ጥቅልሉ ይቃጠላል። መከላከያው መቆጣጠሪያ ሳጥኑ (ፓናሉ) ውስጥ የሚገባና ኃይሉ ሲዛባ ሞተሩን የሚያጠፋ ፌዝ ተቆጣጣሪ ሪሌይ ነው፤ ከፓምፑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። ሪሌዩ ሲበላሽ መተኪያ ስለማይኖር በሽቦ ይታለፋል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የውሃ ደረጃ ጠቋሚ ሽቦ ሲበጠስም እንዲሁ ይታለፋል፤ ውሃው ሲወርድ ፓምፑ በደረቁ ይዞራል። ከተቃጠለ በኋላ 150 ሜትር ላይ ያለን ፓምፕ ለማውጣት እያንዳንዳቸው 6 ሜትር የሆኑ 25 የብረት ቧንቧዎች አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ክሬን ይከራያል፣ ሞተሩ ተጠቅልሎ እስኪመለስ ከተማው በአህያና በጋሪ ይጠጣል። በትንሹ ሪሌይ የተቆጠበው ገንዘብ በክሬኑ ኪራይ ብቻ ያልቃል።

የታሪፉ አወቃቀርም ድሀውን ይጎዳል። እርከኑ ጥቂት ለሚጠቀም ዝቅ ያለ፣ ብዙ ለሚጠቀም ከፍ ያለ መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ የስድስት ቤት ፍጆታ አንድ ላይ ስለሚቆጠር የላይኛው እርከን ውስጥ ይገባል። ብቻውን በቪላ የሚኖረው በዝቅተኛው ይከፍላል። ቆጣሪ የሌለው ደግሞ ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን ይገዛል፤ ሃያ ሊትሩን በ2 ብር ቢገዛ ሜትር ኩቡ 100 ብር ሆነበት። በአንድ ቆጣሪ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ተመዝግቦ እርከኑ በዚያ ቢባዛ ይስተካከላል። የቆጣሪ አንባቢ ይህን በአንድ ዙር መዝግቦ ሊያመጣ ይችላል፤ ፈቃዱ ግን ከላይ መምጣት አለበት።

ስለ ብክነት የምንልካቸው ቁጥሮች ግምት መሆናቸውን በግልጽ እንነግራችኋለን። ብዙ ጉድጓዶች ላይ ዋና ቆጣሪ የለም፣ ወይም ቆሟል፣ ወይም በማጠፊያ ክርን ሥር ስለተተከለ የሚያነበው የተዛባ ነው። የ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቆጣሪ ከፊቱ 1 ሜትር፣ ከኋላው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ቧንቧ ይፈልጋል። ዋና ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ የሌሊት ሙከራ ማድረግ ይቻላል፦ ፓምፑ ቆሞ፣ መስመሩ ተከፍቶ፣ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት የማጠራቀሚያው ደረጃ በሜትር ይለካ። ስፋቱ በዲያሜትር 8 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ በአንድ ሰዓት 10 ሴንቲ ሜትር ከወረደ 5 ሜትር ኩብ ሄዷል። በዚያ ሰዓት የሚቀዳው ጥቂት ነው፤ ሮቶ የሚሞላ ካለ እሱ ተቀንሶ የቀረው መሬት የጠጣው ነው። የቤት ቆጣሪዎችም የራሳቸው ጉድለት አላቸው። የሮቶ ተንሳፋፊ ሊዘጋ ሲል ውሃው በቀጭኑ ያልፋል፤ የተለመደው የግማሽ ኢንች ቆጣሪ በሰዓት ከ30 ሊትር በታች የሚያልፈውን በትክክል አይዝም።

በርክክብ ጊዜ የሚጎድለውንም መጥቀስ አለብን። ፕሮጀክት ሲጠናቀቅ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጣል፤ ቧንቧው በትክክል የት እንደተቀበረ የሚያሳየው የመጨረሻ ንድፍ፣ የጉድጓዱ የፓምፕ ሙከራ ውጤት፣ የፓምፑ መግለጫ ግን አይሰጠንም። መንገድ ሲሰፋና ለኮሪደር ሥራ ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ ቧንቧውን የሚያገኘው ቀድሞ ነው፤ እኛ የምናገኘው ውሃው ሲፈነዳ ነው። ያስገነባው፣ የተረከበው፣ ታሪፉን የሚያጸድቀውና አፈጻጸሙን የሚገመግመው አንድ ወገን ሲሆን ደግሞ የጎደለውን ጎደለ የሚል አይኖርም። የዚህ ደብዳቤ ዋና ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ፍሳሹን በተመለከተ የቁጥጥሩ ጉድለት የባሰ ነው። ቤቶቻችን የሚጠቀሙት በመጸዳጃ ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ነው። የፍሳሽ ማንሻ መኪና ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ይጠየቃል፤ የት እንደደፋ አይጠየቅም። ሕጋዊ ማራገፊያ በሌለበት ሾፌሩን መቅጣት መፍትሔ አይሆንም። ለትንሽ ከተማ ውድ ማጣሪያ አያስፈልግም፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ያለው ማድረቂያ አልጋ ላይ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ፈስሶ ለሳምንታት ቢደርቅ፣ ከሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ኩሬ ቢመራ፣ የደረቀውም የወስፋት ትል እንቁላል እስኪሞት ወራት ተከምሮ ቢቆይ ይበቃል። ከደሴ የሚወርደው ቦርከና ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ተቀብሎ፣ በሐርቡ አድርጎ ወደ ከሚሴና ጨፋ ይወርዳል። በዳርቻው ሰላጣና ቲማቲም ይለማል፣ ከብት ይጠጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። በወንዙ ዳር ለመጠጥ የሚቆፈር ጉድጓድ የጥበቃ ክልሉ በካርታ ላይ ሰፍሮ ሊታጠር፣ ውሃውም በየወቅቱ ሊመረመር ሲገባ እስካሁን ይህን የጠየቀን ተቆጣጣሪ የለም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

የሪፖርት ቅጹ በዚህ የበጀት ዓመት ይለወጥ፤ የፓምፕ ሰዓት፣ በሦስት ከፍታዎች የተነበበ ግፊት፣ በመስመሩ ጫፍ የተለካ ቀሪ ክሎሪን፣ የተመረተና የተሸጠ ውሃ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ የወጣ ኤሌክትሪክና ናፍጣ ይግባበት። ሽፋን ከነዚህ ይሰላ። ቁጥሮቹም በየከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፉ፣ ሕዝቡ ያንብባቸው።

የታሪፍ ጥያቄ በ60 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ ከተመለሰ ምክንያቱ ተዘርዝሮ ይመለስ። የመብራትና የነዳጅ ዋጋ በይፋ ሲጨምር የዚያን ያህል ብቻ፣ በተቀመጠ ቀመር፣ አዲስ ጥናት ሳይጠየቅ ይስተካከል። የጋራ ቆጣሪ ያላቸው ግቢዎች እርከን በቤተሰብ ቁጥር ይባዛ።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ዙሪያ ከተሞች አንድ የጋራ የመለዋወጫ መጋዘንና ተንቀሳቃሽ የውሃ ምርመራ ቡድን ኮምቦልቻ ላይ ይቋቋም። መጋዘኑ ቢያንስ ፌዝ ተቆጣጣሪ ሪሌይ፣ ኮንታክተር (የሞተር ማብሪያና ማጥፊያ)፣ የደረጃ ጠቋሚ ሽቦ፣ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሜትር መጠገኛ ክላምፕ፣ አንድ ተጠባባቂ ሰብመርሲብል (ጉድጓድ ውስጥ የሚሰጥም) ፓምፕና በየሩብ ዓመቱ የሚታደስ ክሎሪን ይኑረው።

የመጨረሻ ንድፍ፣ የጉድጓድ ሙከራ ውጤትና ዋና ቆጣሪ የሌለው ፕሮጀክት ርክክብ አይፈጸምበት፤ የኮንትራክተሩም የመጨረሻ ክፍያ በዚህ ላይ ይታሰር። ለፍሳሽ መኪናዎች ማራገፊያ ቦታ ከከተሞቹ ጋር ተነጋግራችሁ አስወስኑ። ታሪፍ የሚያጸድቀውንና አፈጻጸም የሚመዝነውን አካል ደግሞ ግንባታውን ከሚያስገነባው ለዩልን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ከጠራችሁን መዝገቦቻችንን፣ የፓምፕ ሰዓት ደብተሮቻችንንና የክሎሪን ልኬቶቻችንን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ከተሞች የውሃ አገልግሎቶች
የፓምፕ ኦፕሬተሮች፣ የመስመር ጥገና ሠራተኞች፣ የቆጣሪ አንባቢዎችና የሒሳብ ሠራተኞች
ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦
ለየከተማው የውሃ ቦርዶች
ለዞንና ለወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤቶች
ለውሃ ተጠቃሚው ሕዝብ